ተገዶ ዘብ የቆመው ሰውና የትሬብሊንካው ዘበኛ ፍርድ

ጥገኝነት ጠይቀው የሚጠብቁ ሰዎች ባሉበት ቤት ቡና ሲፈላ አንድ ወሬ አይጠፋም። «እገሌ እኮ ወረቀቱን አገኘ። ኬዙ ከእኔ ጋር ቁርጥ አንድ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው ወዲያው የተከለከለ ሰው ያነሳል። «እሱስ ከአንተ የባሰ አልነበር? ምን አገኘ?» ሁለቱም ሕግ አልተማሩም። ግን ሳያውቁት የሚከራከሩት ጠበቆች ፕሪሲደንት፣ ማለትም ቀዳሚ ፍርድ፣ በሚሉት ነገር ላይ ነው። ትናንት በዚያ ሰው ላይ እንዲህ ተፈርዷል፤ ዛሬ በእኔም ላይ እንዲሁ ይፈረድ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው «ቁርጥ አንድ ነው» የምትለው ቃል ላይ ነው።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 የወሰነው ነው። በፍርድ ቤቱ ይፋዊ የውሳኔ መድብል 555ኛው ጥራዝ ውስጥ ከገጽ 511 ጀምሮ ታገኙታላችሁ። መዝገቡ የሚጠራው በአመልካቹ ስም ነው፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ስሙን አልጠራም። ሰውየው ፖለቲከኛ አይደለም፤ ዝነኛም አይደለም። ስሙ ሳይፈልገው የሕግ ርዕስ ሆኖበታል። ስለዚህ «ሰውየው» እያልኩ ልቀጥል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከሲኒማ ቤት እስከ ኮንቴይነር

ሰውየው ኢትዮጵያዊም ኤርትራዊም ነው። በ1994፣ ዕድሜው 18 ገደማ ሳለ፣ እናቱን ለማየትና ሥራ ለመፈለግ ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ ሄደ። ጥቂት ወራት እንደቆየ ፊልም ሊያይ በገባበት ሲኒማ ቤት ከሌሎች ጋር ታፈሰ። አፈሳ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አንድ ወር ከባድ የጉልበት ሥራ አሠሩት። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ወታደር አደረጉት።

በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር እንደገና ለውትድርና ተያዘ። በዚህ ጊዜ እምቢ አለ። ኢትዮጵያን አልወጋም አለ፤ እሷም አገሩ ናትና። ታሰረ። በዱላ ተደበደበ። ጠራራ ፀሐይ ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሲፈታም አልተፈታም። የእስር ቤት ዘብ ሁን ተባለ። ለአራት ዓመት ያህል ተራ እየገባ ዘብ ቆመ። በእስር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በእምነታቸውና በመሳሰለው ምክንያት በደል የሚፈጸምባቸው እንደነበሩ ማንም አልካደም፤ እሱም አልካደም።

ምን እንዳደረገ የተናገረው ራሱ ነው። ጠመንጃ ይይዝ ነበር። እስረኛ እንዳያመልጥ በር ይጠብቅ ነበር። እስረኞች ገላቸውን እንዳይታጠቡና ንጹሕ አየር እንዳያገኙ ይከለክል ነበር። ፀሐይ ላይ የተቀጡት ከፀሐይዋ እንዳይሸሹ ይጠብቅ ነበር፤ ያ ቅጣት መሆኑንም ያውቃል፤ በራሱ ላይ ደርሶበታል። ከሁለት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆይቶ የሞተ ሰው በዓይኑ አይቷል። በማንም ላይ እንዳልተኮሰ፣ ማንንም በእጁ እንዳልቀጣ፣ አንዳንዴም እስረኞችን እንደረዳ ተናገረ።

በመጨረሻ አመለጠ። ኮንቴይነር ውስጥ ተደበቀ። ኮንቴይነሩ ወደ አሜሪካ በሚሄድ መርከብ ላይ ተጫነ። በታኅሣሥ 2004 አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ።

«አሳዳጅ» ማን ነው?

የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት የሚሰጠው ለተሳደደ ሰው ነው። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ለተሳደደ። ያው ሕግ ታዲያ ሌላ በር ይዘጋል። በእነዚህ በአምስቱ ምክንያቶች ሌላ ሰው ሲሳደድ ያዘዘ፣ ያነሳሳ፣ የረዳ ወይም በሌላ መንገድ የተሳተፈ ሰው ስደተኛ አይባልም። ጠበቆች ይህን የአሳዳጅ ክልከላ ይሉታል።

«የረዳ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሕጉ «ወዶ የረዳ» አይልም። «ተገዶም ቢሆን የረዳ»ም አይልም። ዝም ይላል።

የሐዋርያት ሥራ ላይ እስጢፋኖስ ሲወገር ሳውል ድንጋይ አልወረወረም። ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን እግሩ ሥር አኖሩ፤ እሱ ጠበቀላቸው። ሆኖም ማንም ምእመን ሳውልን ንጹሕ ነበር አይልም፤ በመገደሉ ተስማምቶ ነበር ተብሎ ተጽፏልና። ጥያቄው ይኸው ነው። ሳውል ልብሱን የጠበቀው አንገቱ ላይ ሰይፍ ተደርጎ ቢሆንስ ኖሮ?

የኢሚግሬሽን ዳኛው ነገሩን በጥንቃቄ አየ። ሰውየው ክፉ ነው፣ እስረኞችን ያሠቃይ ነበር የሚል ማስረጃ የለም አለ። ግን ሰዎች እየተሳደዱ መሆናቸውን እያወቀ እዚያ ግቢ ውስጥ ማገልገሉ በራሱ መርዳት ነው፤ ስለዚህ ጥገኝነት የለም አለ። ኤርትራ ቢመለስ ግን መሠቃየቱ አይቀርም ብሎ ስላመነ፣ በዓለም አቀፉ የፀረ ማሠቃየት ስምምነት መሠረት ወደዚያ መላኩ እንዲታገድ አዘዘ።

ይህቺን ነገር ብዙ ሰው «ተፈቀደለት» ብሎ ያልፋታል። አይደለም። አይመልሱህም፤ ግን እዚህ ነህም አይሉህም። ግሪን ካርድ አያስገኝም። ሚስትና ልጅ አያስመጣም። የዚያ አገር ሁኔታ ተለወጠ ከተባለም ሊነሳ ይችላል። አንድ እግር በር ላይ፣ አንድ እግር ደጅ።

ሰውየው ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ አመለከተ። ቦርዱ አጸናበት። ተገደደም አልተገደደም ለዚህ ክልከላ ለውጥ አያመጣም፤ የሚታየው የሰውየው ሐሳብ ሳይሆን ድርጊቱ ያስከተለው ውጤት ነው አለ። ለዚህ ያስቀመጠው ምክንያት ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድሮ ወስኖታል የሚል ነው። የአምስተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤትም በዚሁ ተስማማ።

ድሮ የተወሰነው ምን ነበር?

ፌዶሬንኮ

ፌዶር ፌዶሬንኮ የዩክሬን ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየት ኅብረት ለጦር መለመለችው፤ ጀርመኖች ማረኩት። ከምርኮ በኋላ አሠልጥነው ትሬብሊንካ ላኩት። ትሬብሊንካ ፖላንድ ውስጥ ናዚዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶችን የፈጁበት ካምፕ ነው። እዚያ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ ዘብ ቆመ።

በ1949 አሜሪካ ሲገባ ይህን ደበቀ። ገበሬ ነበርኩ፣ ቀጥሎም ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ አለ። የገባው በ1948 በወጣው የተፈናቃዮች ሕግ ነው። በ1970 ዜግነት አገኘ። በኋላ ነገሩ ተደረሰበትና መንግሥት ዜግነቱን ለመንጠቅ ፍሎሪዳ ውስጥ ከሰሰው። ፌዶሬንኮ ተገድጄ ነው አለ። የመጀመሪያው ዳኛ አመነው። አንድ ከባድ ነጥብም አነሳ። መገደድ የማይቆጠር ከሆነ፣ ናዚዎች አስገድደው በካምፕ ውስጥ ያሠሯቸው የነበሩ አይሁድ እስረኞችም «ረዳት» ሊባሉ ነው።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1981 ሰባት ለሁለት ተፈረደበት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቴርጉድ ማርሻል ናቸው። የፍርዱ ምክንያት ግን ካምፑ የሚያስቆጣ ስለነበር አይደለም። ምክንያቱ ሰዋስው ነው ብል አላጋነንኩም።

የተፈናቃዮች ሕግ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይከለክል ነበር። በፊደል ሀ ሲቪሎችን በማሳደድ ጠላትን የረዱ። በፊደል ለ የጠላትን ጦር በፈቃዳቸው የረዱ። ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ላይ «በፈቃዳቸው» የሚል ቃል አለ፤ ሌላው ላይ የለም። ማርሻል እንዲህ አሉ። ሕግ አውጪው ቃሉን መጠቀም ያውቃል፤ ሁለተኛው ላይ ተጠቅሞበታል። የመጀመሪያው ላይ የተወው ሆን ብሎ ነው። ስለዚህ ለፊደል ሀ ፈቃድ አይጠየቅም።

የአይሁድ እስረኞቹ ነገር ግን አስጨንቋቸዋል። በግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 34 ላይ መስመር ለማስመር ሞከሩ። ሊገደሉ የተሰለፉ ሴቶችን ፀጉር እንዲቆርጥ የተደረገ እስረኛ አሳደደ ሊባል አይችልም። ዩኒፎርም የተሰጠው፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ከካምፑ ወጥቶ መንደር ደርሶ የሚመለስ፣ በሚያመልጡ እስረኞች ላይ መተኮሱን ያመነ ዘበኛ ግን ይባላል። በመሃል ስላሉት ሰዎች ዝም አሉ። ፌዶሬንኮ በ1984 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ፤ እዚያም ተፈርዶበት በ1987 ተገደለ።

ፍሬና ገለባ

ፌዶሬንኮ ሄደ፤ ፍርዱ ቀረ። ፍርድ ደግሞ ይጓዛል።

በ1980 አሜሪካ አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች። የአሳዳጅ ክልከላውም እዚያ ገባ። ቦርዱ አዲሱን ሕግ ሲተረጉም የፌዶሬንኮን ፍርድ አነሳ። በ1988 ሽምቅ ተዋጊዎች አስገድደው ስላሠለፉት አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው ሲወስን፣ በማሳደድ መርዳት በፈቃድ መሆኑ ግድ አይደለም፤ ፌዶሬንኮን ተመልከት ብሎ አለፈ። የሚገርመው ያ ሰው አሳዳጅ አልተባለም። የሠራው የእርስ በርስ ጦርነት የሚያመጣው ጉዳት ነው እንጂ ማሳደድ አይደለም ተብሏል። ስለ ፈቃድ የተነገረው አረፍተ ነገር ለውሳኔው የግድ አልነበረም ማለት ነው።

የቀደመ ፍርድ እንደ አውድማ እህል ነው፤ ፍሬም ገለባም አለው። ፍሬው ዳኛው ያንን ጉዳይ ለመወሰን የግድ ያስፈለገው ምክንያት ነው። ሌላው ሲያልፍ የተናገረው ነው፤ ያስተምራል፣ አያስርም። ተከታዩ ዳኛ ሊያበጥረው ይገባል። እዚህ ግን ሳይበጠር ወደ ጎተራ ገባ። አንዱ ውሳኔ ሌላውን እየጠቀሰ፣ ያኛው ደግሞ ቀጣዩን እየጠቀሰ፣ ከ20 ዓመት በኋላ «ተገድጄ ነው» ማለት ዋጋ የለውም የሚለው ነገር የታወቀ ሕግ ሆነ። ሰውየው የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው።

በቡናው ላይ እንደሚባለው ሁለቱ ጉዳዮች ቁርጥ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዘብ ነበሩ። ሁለቱም ጠመንጃ ይዘዋል። ሁለቱም ተገድጄ ነው ብለዋል። ተራ ሰው ልዩነት ፈልግ ቢባል የትሬብሊንካን ግፍ ያነሳል፤ ወይም ፌዶሬንኮ መዋሸቱን፣ ሰውየው ግን ሁሉንም ራሱ መናገሩን። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ልቤ የሄደው ወደዚያ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሄደው ግን ሌላ ጋ ነው።

ማርች 3፣ 2009

ክርክሩ የተሰማው ኖቬምበር 5፣ 2008 ነው፤ ባራክ ኦባማ በተመረጡ ማግስት። ያን ቀን የመንግሥት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሙኬሲ ነበሩ። ፍርዱ በማርች 3፣ 2009 ሲነበብ ሆልደር ሆነዋል፤ የመዝገቡ ስም የሚያበቃው በእሳቸው ስም ነው።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ናቸው። የፌዶሬንኮን ፍርድ አልሻሩም። ስህተት ነበር አላሉም። ያሉት ሌላ ነው። ያ ፍርድ የተረጎመው ሕግ ይህ አይደለም።

የፌዶሬንኮ ፍርድ ጠቅላላ ክብደቱ ያረፈው በሁለት ፊደላት ንጽጽር ላይ ነበር። አንዱ ላይ «በፈቃድ» አለ፣ ሌላው ላይ የለም። በአዲሱ ሕግ ውስጥ ግን ያ ጎረቤት አንቀጽ የለም። የሚነጻጸር ነገር ከሌለ ከዝምታው የሚወጣ ትርጉምም የለም። ሕጎቹ የወጡበት ዓላማም ይለያያል። የ1948ቱ ሕግ ጦርነቱ ያስከተለውን ጣጣ ለመፍታት ነበር። የ1980ው አሜሪካ የገባችበትን ዓለም አቀፍ የስደተኞች ፕሮቶኮል ለመፈጸም ነው። ስለዚህ ቦርዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስሮኛል ብሎ ያሰበው በስህተት ነው። አልታሰረም ነበር። እጄ ታስሯል ብሎ ስላሰበ ማሰብ የሚገባውን ሳያስብ ቀረ።

በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ቀዳሚ ፍርድ ከነሕጉ ነው የሚወረሰው። ማን ተፈረደበት፣ ምን ተባለ የሚለው አይበቃም። የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ቃል፣ ከየትኛው ቃል ጎን ተቀምጦ ሳለ የሚለው ካልተጠየቀ የሚወረሰው ጥላው ብቻ ነው።

ውጤቱ ስምንት ለአንድ ሆነ። ብቻቸውን የተለዩት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መገደድን አላነሳም፤ ስለዚህ ማንም ቢሆን የረዳ ሁሉ ይከለከላል አሉ። ዳኛ ስካሊያ ከብዙኃኑ ጋር ቢሆኑም፣ ቦርዱ እንደገና አስቦ ያንኑ ጥብቅ መስመር ቢይዝ አይደንቀኝም የሚል መልእክት ጽፈዋል።

ግን ሰውየው አሸነፈ ማለት ጥገኝነት አገኘ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ መገደድ መከላከያ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን አልመለሰም። ሕጉ ግልጽ ስላልሆነ መጀመሪያ ቦርዱ ይተርጉመው ብሎ መዝገቡን መለሰው። ለዚህ የተደገፈበትም ሌላ ቀዳሚ ፍርድ ነው። በ1984 በሼቭሮን ኩባንያ ጉዳይ፣ ስለ አየር ብክለት ሕግ ሲወሰን፣ ሕጉ አሻሚ ከሆነ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት የሰጠው ምክንያታዊ ትርጉም ይከበር ተብሎ ነበር።

አዛውንቱ ዳኛ

ከመዝገቡ ሁሉ እኔን የያዘኝ የዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ነገር ነው።

በ1981 በፌዶሬንኮ ላይ ሰባቱ ሲፈርዱ ከተቃወሙት ሁለቱ አንዱ ስቲቨንስ ነበሩ። መገደድን ከቁም ነገር ካልቆጠራችሁ ለመትረፍ ሲሉ የታዘዙትን የሠሩ እስረኞችን የት ታደርጓቸዋላችሁ ብለው ጻፉ። የፀጉር ቆራጩ ምሳሌም አላጠገባቸውም። ተሸነፉ።

በ1984 የሼቭሮንን ፍርድ የጻፉት ማን ናቸው? ስቲቨንስ።

በ2009 ሰውየው ሲመጣ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 88። የቦርዱ ትርጉም ስህተት ነው በሚለው ተስማሙ። መዝገቡ ይመለስ በሚለው ግን አልተስማሙም። ይህ የሕግ ጥያቄ ነው፤ የሕግን ጥያቄ የሚመልሰው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚሁ እንጨርሰው አሉ። መልሱንም ሰጡ። ተገዶ የረዳ ሰው አሳዳጅ አይደለም። ሼቭሮን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመሥሪያ ቤት አሳልፋችሁ ስጡ አይልም፤ እኔ ጽፌዋለሁና አውቀዋለሁ የሚል ይመስላል ንግግራቸው። የተከተሏቸው ዳኛ ብራየር ብቻ ናቸው። በራሳቸው ፍርድ ትርጉም ተሸነፉ።

አንድ ዳኛ የጻፈው ፍርድ የእሱ ንብረት ሆኖ አይቀርም። ልጅ ወልዶ እንደ መዳር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሌሎች ናቸው።

በኛ አገርስ?

ትንሽ ወጣ ልበል። እኛ አገር የሕግ ባህሉ የተጻፈ ኮድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የቀደመ ፍርድ ያስራል የሚል አሠራር አልነበረም። ነገሩን የቀየረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤት እንዲከተለው ታዘዘ። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ የተሰጠ ትርጉም ሲለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ አደረገ።

የሚያስረው የሕግ ትርጉሙ ነው እንጂ ውጤቱ አይደለም። ስንቱ አቤቱታ ነው ግን «ሰበር በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል እንደወሰነው» ብሎ ቁጥሩን ብቻ ጥሎ የሚያልፈው? የሰበር ውሳኔ ቅጾችን የከፈተ ያውቃል፤ ከውሳኔው በላይ አጭር ጭብጥ ይቀመጣል። ሥራ የበዛበት ጠበቃ እሷን ያነባል፣ ይጠቅሳል፣ ይሄዳል። አሜሪካ ቦርድ ላይ የደረሰው ስህተት እዚህም ለመድረስ አንድ ሰነፍ ከሰዓት ይበቃዋል።

ከድል በኋላ

ወደ ሰውየው ልመለስ። መዝገቡ በ2009 ወደ ቦርዱ ተመለሰ። ቦርዱ የወሰነው በሰኔ 2018 ነው። ዘጠኝ ዓመት።

በዚህ ጊዜ ቦርዱ መገደድ መከላከያ ሊሆን ይችላል አለ፤ ግን በጠባቡ። ሰውየው የሞት ወይም የከባድ አካል ጉዳት ማስፈራሪያ እዚያው ፊቱ ተደቅኖበት መሆን አለበት። እምቢ ቢል ዛቻው እንደሚፈጸም በምክንያት ማመን አለበት። ማምለጫ ወይም ሌላ መውጫ ያልነበረው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ማስገደድ እንደሚመጣ እያወቀ ራሱን እዚያ ቦታ ያልከተተ መሆን አለበት። በሌላው ላይ ያደረሰው ጉዳትም በእሱ ላይ ከተዛተው የሚበልጥ መሆን የለበትም። ቦርዱ እነዚህን ካስቀመጠ በኋላ አንተ አላሟላህም አለው። በእሱ መዝገብ አዲስ በር ተከፈተ፤ እሱ ግን አልገባበትም።

ደግሞ በሩም አልቆየም። በአሜሪካ አሠራር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የቦርዱን ማንኛውንም ውሳኔ ወደ ራሱ ጠርቶ ሊወስን ይችላል። ቦርዱም የኢሚግሬሽን ዳኞቹም በእሱ ሥር ናቸው፤ ከፍርድ ቤቶቹ ወገን አይደሉም። ይህን የማያውቅ ስደተኛ ብዙ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጄፍ ሴሽንስ ጉዳዩን ወደ ራሳቸው ጠሩት። ሳይወስኑ ከሥልጣን ወረዱ። ተተኪያቸው ዊሊያም ባር ኖቬምበር 5፣ 2020 ወሰኑ። መገደድ መከላከያ አይሆንም፤ የረዳ የረዳ ነው። ቀኑን አያችሁት? ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክሩን ከሰማ ልክ 12 ዓመቱ፤ አሁንም ምርጫ በተካሄደ ሰሞን።

በጥቅምት 2021 ሜሪክ ጋርላንድ ሥልጣን ላይ ነበሩ። እሳቸውም ጉዳዩ ይቅረብልኝ፣ እንደገና አያለሁ ብለው ጠሩት። አንድ ሰው፣ አንድ መዝገብ፤ ቦርዱ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ በየተራ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ መሬቱ ራሱ ተንቀሳቀሰ። ጁን 28፣ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዓሣ አጥማጆች ጉዳይ ላይ ሼቭሮንን ሻረው። አሻሚ ሕግ ሲገጥም የሕጉን ትርጉም የሚወስኑት ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ናቸው አለ። ስቲቨንስ በ2009 «እዚሁ እንጨርሰው» ያሉት ይህን ነበር። አላዩትም፤ በ2019 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ጨምሯል። በሼቭሮን ተደግፈው ድሮ የተሰጡ ውሳኔዎች ከእሱ ጋር አልወደቁም፤ እንደ ቀዳሚ ፍርድነታቸው ይከበራሉ። የ2009ኙ ፍርድ ታዲያ ከሼቭሮን የወረሰው «ቦርዱ ይተርጉመው» የሚለውን ነው። ያ ነው የሚከበረው ወይስ ጥያቄው አሁን የፍርድ ቤት ሆኗል? ጠበቃ ካላችሁ ይህን ጠይቁት፤ መልሱን ሳይሆን አመላለሱን አይታችሁ ማንነቱን ታውቃላችሁ።

ጥገኝነት ለመጠየቅ የሚሞላው ፎርም አይ 589 ነው። በሦስተኛው ክፍል አንድ ጥያቄ አለ። አንተ፣ የትዳር ጓደኛህ ወይም ልጆችህ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በማንም ሰው ላይ ጉዳት እንዲደርስ አዛችሁ፣ አነሳስታችሁ፣ ረድታችሁ ወይም በሌላ መንገድ ተሳትፋችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይ» የሚል። ከሥራቸው መልስህ አዎ ከሆነ በዝርዝር ጻፍ የሚል ጥቂት ባዶ ቦታ አለ።